ባልሽ ዕዳ ውስጥ ሲገባ፦ ከዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ክፍያ

ባሏ ዕዳ እንዳለበት የሰማች ሴት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታስበው ወርቋን መሸጥ ነው። ቢያንስ ይህን ሳምንት አትሽጪ። ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ፣ በምን ውል እንደተወሰደ ሳታውቂ የምትከፍዪው ብር የሚሄደው አብዝቶ ለሚጮኸው ሰው ነው። አብዝቶ የሚጮኸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አደገኛው አይደለም።

እዚህ ሐዋሳ በአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር የብድር ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። ብድር የሚጠይቅም፣ መክፈል ያቃተውም ቤተሰብ ፊቴ ይቀመጣል። ወርቁ ተሽጦ፣ ፍሪጁ ተሽጦ፣ ከእናት ቤት ብር መጥቶ ዕዳው ግን ንቅንቅ ያላለበትን ቤት አውቃለሁ። ከዚያ ባነሰ ገቢ የጨረሱም አሉ። እነሱ የጨረሱት ቅደም ተከተሉን ስላወቁበት ነው። ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ባል ባለዕዳ፣ ሚስት አጋዥ አድርጌ እጽፋለሁ። ባለዕዳዋ ሚስት ብትሆንም እርምጃው ያው ነው።

1. እንዲናገር ሰዓትና ቦታ ፈልጊ

ማታ ደክሞ በገባበት፣ ልጆች ባሉበት፣ ወይም አበዳሪ ደውሎ በዘጋበት ቅጽበት አይሆንም። እሁድ ከሰዓት ወደ ፍቅር ሐይቅ ይዘሽው ውረጂ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ተፋጦ ከመቀመጥ ይቀላል።

የምትዪው አጭር ይሁን፦ «ዕዳ እንዳለብህ አውቄያለሁ። ዛሬ ለምን ብዬ አልጠይቅህም። ለማን ስንት እንዳለብህ ንገረኝና አብረን እንጻፈው።» «ለምን» የሚለውን አቆዪው። መጠየቁ አይቀርም። ግን ዝርዝሩ ሳይወጣ ከመጣ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ጭቅጭቅ ከተነሳ ቁጥሩ ተመልሶ ይደበቃል።

የመጀመሪያ ቀን የሚነግርሽ ሙሉ እንዳልሆነ ቀድመሽ እወቂ። ሰው የባንኩንና የማህበሩን ይናገራል፣ የአራጣውን ይውጠዋል። ከወንድምሽ ተበድሮ ከሆነ እሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ «ይኸው ነው በቃ?» ብለሽ አታስምዪው። «ሌላ ትዝ ካለህ በሳምንቱ እንጨምርበታለን» በዪው። ሳምንቱ ሲደርስ ደግሞ የምር ጠይቂው።

ወደ «ለምን» ስትመለሺ ሁሉም ዕዳ ከጸባይ የመጣ እንዳልሆነ አስቢ። አንዱ ቤት የታመመ አባት ያሳክማል። ሌላው ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ቀርቶበት፣ የተቋረጠውን ደመወዝ በብድር ሊሞላ ሞክሯል። በቤቲንግ የመጣም አለ፤ እሱ ሌላ ዓይነት አያያዝ ስለሚፈልግ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዝርዝሩም ይቀድማል። «ብሞት ይሻላችኋል» ዓይነት ንግግር ከሰማሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ደብተሩን አስቀምጪና ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ይዘሽው ሂጂ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እስከዚያ ብቻውን አትተዪው።

2. አንድ ደብተር ግዙና ሁሉንም ጻፉ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዕዳ አንድ ገጽ ስጡት። ለማን ነው? በእጁ የተቀበለው ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስንት ነው? እስካሁን ስንት ተከፍሏል? ወለዱ እንዴት ነው የሚታሰበው? ዋሱ ማነው? አበዳሪው እጅ ምን ሰነድ አለ?

የተቀበለውንና የተጻፈውን ለይታችሁ መጻፍ አለባችሁ። አራጣ አበዳሪ ወለዱን ውል ላይ አይጽፍም። 60,000 ሰጥቶ 100,000 አበድሬያለሁ የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ወሩ አልፎ ሳይከፈል ሲቀር ደግሞ «ውሉን እናድስ» ብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ያስፈርማል። ባልሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሞ ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ከዚህ በኋላ አንቺ ሳታዪው ምንም አይፈርምም።

ስልኩንም ፈትሹ፣ አብራችሁ። ቴሌብር ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ ብድሮች አሉ። ኤምፔሳም፣ የባንክ መተግበሪያዎችም፣ «ዱቤ አለ» የሚባለው የዱቤ ግዢም ይታዩ። መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ይረሳሉ፤ ክፍያቸው ግን እየተቆጠረ ነው። ዕዳ ያለበት የስልክ ቦርሳ ውስጥ የአስቤዛ ብር አታስገቡ። ሲገባ ሊቆረጥ ይችላል፣ እናንተም ገበያ ላይ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ከሰፈር ሱቅ ጀምሮ ዱቤ ያለበትን ቦታ ሁሉ ዙሩ። ዕቁቡንም አትርሱ። ዕጣው ወጥቶለት ብሩን ከበላ፣ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው። ብዙ ሰው እንደ ዕዳ አይቆጥረውም።

አሁን አንድ ቤት በምሳሌ ልውሰድ። ባል ባጃጅ ይነዳል፣ ሚስት አዲሱ ገበያ አካባቢ ትሠራለች። ዝርዝራቸው ይህን ይመስላል፦

ለአራጣ አበዳሪ 60,000፣ በወር 6,000 ወለድ፣ ፈርሞ የሰጠው ባዶ ቼክ አለ።
ለቁጠባና ብድር ማህበር 85,000፣ በወር 3,400፣ ሁለት ዋሶች።
ለዕቁብ 16,000፣ በሳምንት 1,000፣ 16 ሳምንት ቀርቷል።
ለወንድሙ 30,000፣ ወረቀት የለውም።
ለሱቅ ዱቤ 7,500።
ለስልክ ብድር 4,000።

ድምሩ 202,500 ብር። ቁጥሩ ሲታይ ያስደነግጣል። ግን ሳይጻፍ ሲቀር ከዚህ የበለጠ ነበር የሚያስደነግጠው።

3. አንቺ ሕጉ ላይ የት ነሽ?

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። አንዷ «የእሱ ዕዳ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ትላለች። ሌላዋ ሁሉንም የራሷ ታደርገዋለች።

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕዳን በሁለት ይከፍለዋል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ፣ ማለትም ለቀለብ፣ ለልጆች፣ ለኑሮ፣ የሁለታችሁም ነው። ከጋራ ንብረትም ከየግላችሁም ሊጠየቅ ይችላል። አንዱ ብቻ የተበደረው ዕዳ ግን መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ይፈለጋል፤ ከሌለው ወደ ጋራው ንብረት ይመጣል። ስለዚህ ዕዳው የግሉ ቢሆንም ቤትሽን ሊነካ ይችላል።

ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የባልና ሚስት ስምምነት ይጠይቃል። የጋራ ቤት መሸጥና ማስያዝም እንዲሁ። ሳትስማሚ የተገባ ውል እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ፤ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ሳያልፍ፣ ውሉ ከተደረገ ደግሞ 2 ዓመት ሳይሞላ። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቀኑን ከመቁጠርሽ በፊት ወረቀቶችሽን ይዘሽ የሕግ ሰው ጋር ሂጂ። የጠበቃ ብር ከሌለሽ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አጥብቄ የምለው ግን ይህን ነው። በራስሽ ስም ተበድረሽ የእሱን አትክፈዪ። ዋስም አትሁኚለት። ከቤቱ ሁለት ሰው አንዱ እንኳ ከዕዳ ነፃ ካልሆነ፣ ልጅ ሲታመም ብር የሚያገኝ ሰው የለም። ይህን ስትዪ ያኮርፍ ይሆናል። «ዕዳ ከሜዳ እንዳይመጣብን ብዬ ነው፣ አንተን ትቼ አይደለም» ብለሽ ንገሪው።

4. ማን ይቅደም?

አሁን ደብተሩን ገልጣችሁ ቁጥር ስጡ። የማን ዕዳ ትልቅ ነው ብላችሁ አትጀምሩ፣ ማን ብዙ ይደውላል ብላችሁም አትጀምሩ። ባይከፈል ምን ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ።

አንደኛ የሚመጣው ቼክ ያለበት ነው። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት ከፍትሐ ብሔር ጉዳይ አልፎ ወንጀል ይሆናል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለማታለል አስቦ ያደረገው ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። አራጣ አበዳሪ ባዶ ቼክ የሚያስፈርመውም ለዚህ ነው። ባንክ ሄዶ «ስንቅ የለውም» የሚል ማህተም ያስመታበትና ፖሊስ ጋር ይወስደዋል። ቼኩን ማስመለስ ከዋናው ብር እኩል የምትደራደሩበት ነገር ነው።

ቀጥሎ ሌላ ሰው የሚጎዳበት ዕዳ ነው። ማህበሩ ጋር የፈረሙት ዋሶች ባልሽ ሳይከፍል ሲቀር ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸዋል። በቡድን ዋስትና የተወሰደ የማይክሮ ፋይናንስ ብድርም እንዲሁ ነው። ዕቁብም እዚህ ይገባል፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ሰዎች የእሱን መዋጮ እየጠበቁ ነው። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። በዕቁብ ስሙ የጠፋ ሰው ነገ ዋስ የሚሆንለት አያገኝም።

ቤት የተያዘበት የባንክ ብድር ካለ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ። ቀድሞ የመጣን ሰው ባንክ ያነጋግራል።

የስልክ ብድሩን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ዝጉት። ሱቁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይጠብቃል። ወንድምየው መጨረሻ ነው፤ ግን ዝም አይባልም። ሄዳችሁ፣ ሁለታችሁም፣ «ወንድም ጋሼ፣ ብርህን አልረሳነውም፣ ከዚህ ወር በኋላ እንጀምራለን» በሉት። ወሩን ጥቀሱለት። ዘመድ አብዝቶ የሚቀየመው ሲሸሹት ነው።

5. በወር የሚተርፈውን እወቁ

ወደ ምሳሌው ቤት ልመለስ። ባል የባጃጁን ገቢ ለባለቤቱ ካስገባ በኋላ በወር 20,000 ይቀረዋል፣ ሚስት 9,000 ታገኛለች። ኪራይ 6,000፣ አስቤዛ 8,500፣ ትምህርት ቤትና ትራንስፖርት 2,500፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,000፣ እድር 200፣ ለድንገተኛ 800። ወጪው 19,000 ነው፣ ቀሪው 10,000። ማህበሩ 3,400፣ ዕቁቡ 4,000 ሲወስዱ 2,600 ይቀራል። የአራጣው ወለድ ብቻውን 6,000 ነው። አይሞላም።

እዚህ ጋ ብዙ ቤት ሌላ ብድር ይወስዳል። እናንተ አቁሙ። የማይሞላውን ነገር ወረቀት ላይ ማየታችሁ ጥሩ ነው፤ ምን መሸጥ፣ ምን መደራደር እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

እድሩን አትቁረጡ። ልቅሶ ሲመጣ ከዕዳው በላይ ያስወጣችኋል። ልጆቹንም ከትምህርት አታስወጡ። የሚቆረጠው ሌላ ቦታ አለ፦ ጫት፣ ቢራ፣ አዲስ ዱቤ፣ የበዓል ወጪ። መስከረምን፣ ፍቼ ጫምባላላንና ፋሲካን ቀድማችሁ ደብተሩ ላይ አስገቡ። በዓል ድንገት አይመጣም፤ ለበዓል የሚወሰድ ብድር ግን ሁሌም ድንገተኛ ይመስላል።

ባልሽ ደመወዝተኛ ከሆነ ይህንንም እወቂ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ የለበትም። ብድሮቹ ተደራርበው ከዚያ በላይ ከሄዱ ለመሥሪያ ቤቱ አመልክቱ።

6. አሁን ወርቁን አውጪ፣ ከአራጣውም ጋር ተቀመጡ

ፈቃድሽ ከሆነ ብቻ ነው። ግዴታ የለብሽም። ግን ከሸጥሽው በዚህ ሰዓት ይሁን፣ እያንዳንዱ ብር የት እንደሚሄድ ታውቆ። በምሳሌው ቤት ወርቁ 30,000 ያወጣል እንበል። 4,000 ለስልክ ብድሩ ይከፈላል። 6,000 ለክፉ ቀን ይቀመጣል። 20,000 ደግሞ ለድርድሩ ይያዛል።

አራጣ አበዳሪ ጋር ብቻውን አትላኪው። ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። የንስሐ አባትም፣ የቤተ ክርስቲያን መሪም፣ ሼኽም፣ የዕቁብ ዳኛም ይሆናል፤ አበዳሪው የሚያከብረው ሰው መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። በሲዳማ የአፊኒ ልማድ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ሰምተው ያስታርቃሉ፤ እዚህ ከተማ ለአበዳሪውም ለእናንተም የሚሆን ሽማግሌ አይጠፋም።

በእጃችሁ ያለውን ነገር እወቁት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች በብድር ውል የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል ሰው በዓመት 120 በመቶ እየወሰደ ነው። የሰውን ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደር ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ይህን እንደ ዛቻ አትናገሩት፤ ቼኩ እሱ እጅ ነው። ሽማግሌው በለሰለሰ ቃል ያንሳው። እናንተ የከፈላችሁትን አስቀምጡ፦ «10 ወር 6,000 እየከፈልን 60,000 ሰጥተንሃል። ወለዱ ይቁም። 20,000 ዛሬ እንስጥህ፣ የቀረውን 40,000 በወር በወር እንጨርሳለን።»

ሂሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ከተረፈው 2,600 ውስጥ 1,000 ለሱቁ፣ 1,600 ለአራጣው። አራት ወር ሲሞላ ዕቁቡ ያልቃል፣ 4,000 ይለቀቃል። ከዚያ በወር 5,600 ለአራጣው ይከፈላል፣ በስድስት ወር ያልቃል። ሱቁም በመካከል ይዘጋል። ስለዚህ በአሥረኛው ወር የቀሩት ማህበሩና ወንድምየው ብቻ ናቸው። ማህበሩ ወር በወር ሳይቋረጥ ስለተከፈለ ከ85,000ው ላይ ብዙ ወርዷል።

አበዳሪው እሺ ባይልስ? ዋናውን መክፈላችሁን ቀጥሉ፣ በባንክ፣ በስሙ። ከዚያ የሕግ ሰው ጋር ሂዱ። ማስፈራራት ከጀመረ፣ ቤት ድረስ ሰው ከላከ፣ መልእክቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ አመልክቱ።

7. እያንዳንዱን ክፍያ በወረቀት

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። መልሶ መክፈሉም እንደዚያው ነው። «ምስክር አለኝ፣ በእጁ ነው የሰጠሁት» አይበቃም። ስለዚህ በባንክ አስተላልፉ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «የብድር ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ። በጥሬ ብር ከሆነ ቀኑን፣ መጠኑንና ቀሪውን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ደረሰኙን ደብተሩ ላይ ስፉት።

8. ዕዳው ከቤቲንግ ከመጣ

ሁሉንም ከላይ ያልኩትን አድርጉ፣ ግን ብር በእጁ አይዙር። የቀኑን ገቢ ማታውኑ ያስረክብሽ። ለአበዳሪ የሚከፈለውን አንቺ ቀጥታ ክፈዪ። በእሱ እጅ የተላከ ክፍያ በመንገድ ላይ ያለው ቤቲንግ ቤት ሊገባ ይችላል። «አንድ ቲኬት ብቻ፣ ዕዳውን በአንዴ እዘጋዋለሁ» ካለሽ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ነው። መላልሶ ከወደቀ ከሕክምና ሰው ጋር አገናኚው። ብሩን አንቺ ስለያዝሽ ብቻ አይድንም።

ሌላም የሚመጣ ሐሳብ አለ። «ደቡብ አፍሪካ ልሂድና ልክፈል።» በሞያሌ በኩል የሚወስዱ ደላሎች ብር የሚጠይቁት ቀድመው ነው፤ ያ ብር አዲስ ዕዳ ነው፣ እዚህ የሚቀረውም አንቺ ላይ ነው። ንብረቱን ወደ ዘመድ ስም ማዞርም ይመክሩሻል። አትስሚያቸው። አበዳሪ ፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል፣ ዘመድየውም ላይመልሰው ይችላል።

9. ሲያልቅ

የመጨረሻውን ብር ከመስጠታችሁ በፊት ቼኩንና ዋናውን ውል ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ። ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ይዞ ከሆነ እሱም አብሮ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ተቀበሉ፣ «ከዚህ ብድር የሚፈለግብን የለም» የሚል ወረቀት አስፈርሙ፣ ቼኩን እዚያው ቅደዱት። ከማህበሩ ደግሞ ሲያልቅ የክሊራንስ ደብዳቤ ውሰዱና ለሁለቱ ዋሶች ኮፒ ስጧቸው። ለአራጣው ይሄድ የነበረው 5,600 ደግሞ በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ቀን ለወንድምየው ይጀምር። 30,000ው ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ ያልቃል።